ስድስቱንስ ይጠላል፤ ሰባተኛው ግን…

[ምስል፦ ማለዳ። ጭጋጉ ገና ያልተነሳ የጤፍ ማሳ። ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት።]

ጎጃሜ ያለ ቅኔ አያወራም ይሉናል። እሺ፣ ከቃሏ እንጀምር። «ጠላ» ስል መጀመሪያ ምን መጣላችሁ? እኔ ጋን ነው የመጣልኝ። ጌሾ፣ ብቅል፣ ጋን። ሌላው «ጠላ»፣ የጥላቻው፣ ዘግየት ብሎ ነው የሚደርሰው። የዛሬው ወሬያችን ስለዘገየው ነው። የጋኑም ቢሆን መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ በመጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር «እጠላለሁ» ያለው ምኑን ነው?

መንገድ ላይ ሰው ብትጠይቁ መልስ አይጠፋም። አንዱ ጫት ይላችኋል። አንዷ የዘንድሮ ልጆች አለባበስ። ሌላው ጾም መግደፍ። ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ብዙ ጊዜ መላሹ ራሱ የማይወደውን ነገር ነው በእግዚአብሔር ስም የሚያስመዘግበው። እኔም አደርገዋለሁ። መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

[ምስል፦ የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስ። ጣት በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል።]

መጽሐፈ ምሳሌ፣ ምዕራፍ 6፣ ከቁጥር 16 እስከ 19። እግዚአብሔር የሚጠላቸው ስድስት ነገሮች ናቸው ይላል፤ ሰባተኛውን ደግሞ ነፍሱ ትጸየፈዋለች። ከዚያ ይቆጥራል። ትዕቢተኛ ዓይን። ሐሰተኛ ምላስ። ንጹሕ ደም የምታፈስ እጅ። ክፉ ሐሳብ የሚያበቅል ልብ። ወደ ክፉ የምትሮጥ እግር። በሐሰት የሚመሰክር ምስክር። በወንድማማች መካከል ጠብ የሚዘራ ሰው።

አሁን ቆም እንበል። ጫት አለ? የለም። ልብስ አለ? የለም። ምግብም ጾምም የለም። ሰባቱም ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው።

ዝርዝሩ ዝም ብሎ አልተደረደረም። ከዓይን ይነሳል፤ ምላስ፣ እጅ፣ ልብ ብሎ እግር ላይ ይደርሳል። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው ማለት ነው። አካሉ ሲያልቅ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ ሐሰተኛው ምስክርና ጠብ ዘሪው። መሐል ላይ፣ አራተኛው ቦታ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ልብ ነው። ሦስት በፊቱ፣ ሦስት በኋላው። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ የቆጠረ ሰው ይሄን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

«ስድስት… ሰባት» የሚለውስ? ጸሐፊው ቆጠራ ተሳስቶ አይደለም። የዚያን አካባቢ የግጥም ልማድ ነው። አሞጽም «ስለ ሦስት ኃጢአት፣ ስለ አራትም» እያለ ነው የሚጀምረው። ከእስራኤል ውጭም አለ። በሶርያ ባሕር ዳርቻ ራስ ሻምራ በሚባል ቦታ በ1929 እ.ኤ.አ. ቁፋሮ ተጀምሮ ኡጋሪት የምትባል ጥንታዊ ከተማ ወጣች። ከዚያ በተገኘ የሸክላ ጽላት ላይ በኣል የሚባለው ጣዖት ሁለት ዓይነት ግብዣ ይጠላል፣ ሦስት ይጸየፋል የሚል ግጥም አለ። መንገዱ አንድ ነው። ቁጥሩን በአንድ ከፍ ሲያደርግ ጆሯችሁን ለመጨረሻው አቆዩልኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ የዝርዝሩ ክብደት ያለው ሰባተኛው ላይ ነው። ወደሱ እንመለሳለን።

[ምስል፦ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ሁለት በሬ። የተገለበጠ ጥቁር አፈር።]

አንድ ነገር ግን ለገበሬ ልጆች። «ክፉ ሐሳብ የሚያበቅል ልብ» ብሎ ተርጓሚው ያስቀመጠው ቃል በዕብራይስጡ ማረስ ማለትም ይሆናል። ማሰብ፣ ማቀድ፣ ማረስ፤ አንድ ቃል ነው። አራተኛው ላይ ልብ ያርሳል፣ ያበቅላል። ሰባተኛው ላይ አማርኛው «የሚዘራ» ይላል። ክፋት እንደ ጤፍ ማሳ ነው። በአንድ ቀን አይደርስም። እርሻ አለው፣ ድግምግሞሽ አለው፣ ዘር አለው።

አማርኛው ካልኩ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት የጎጃም ሰው ናቸው። አባ አብርሃም ይባላሉ፤ በውጭ መጻሕፍት አቡ ሩሚ በሚል ስም ነው የሚታወቁት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጠው፣ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር 10 ዓመት ሠሩበት። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ሲታተም እሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

ወደ ዝርዝሩ። ውሸት ለምን ሁለት ጊዜ ተጠራ? «ሐሰተኛ ምላስ» ካለ «ሐሰተኛ ምስክር» ለምን አስፈለገ? መልሱን ናቡቴ ይነግረናል። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21። ናቡቴ ከአባቶቹ የወረሰው የወይን ቦታ አለው። ንጉሥ አክዓብ አማረው። ናቡቴ ርስቴን አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል ሁለት ሰዎች አስመጣች፤ ቆመው እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው መሰከሩ። ናቡቴ በድንጋይ ተወገረ፤ ቦታው ተወረሰ። አዩ? ድንጋይ ያነሱት ሌሎች ናቸው። የገደሉት ግን ሁለቱ ምስክሮች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚዋሽ ሰው ወዳጁን ያጣል። ችሎት ፊት ምሎ የሚዋሽ የሰው መሬት፣ የሰው ነፍስ ይወስዳል። ለዚህ ነው ዘዳግም ምዕራፍ 19 ሐሰተኛው ምስክር በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው ቅጣት በራሱ ይድረስበት ያለው። የወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ የመሬት ክርክር ሲጠብቅ የዋለ ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያስረዳችኋል።

[ምስል፦ ቅዳሜ ገበያ። በጆንያ የተደረደረ ጤፍ። ቁና።]

አሁን ከምሳሌ 6 እንውጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «እግዚአብሔር ይጸየፈዋል» ተብሎ ደጋግሞ የተጻፈ ሌላ ነገር አለ። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ተከትዬ ገበያ እሄድ ነበር። አንድ እህል ነጋዴ ነበር። ጠዋት ከገበሬ ሲገዛ ቁናውን መሬት ላይ ደልደል አድርጎ ያስቀምጣል። ይሞላል። ነቅነቅ ያደርገዋል። ጤፉ ይሰምጣል። እንደገና ይሞላል። ከዚያ ይቆልላል፤ በሁለት እጁ ዙሪያውን አቅፎ፣ ጫፉ እስኪፈስ ድረስ። ያቺ «አንድ» ተባለች። ከሰዓት በኋላ ለከተማ ሰው ሲሸጥ ያችኑ ቁና አየኋት። አሁን ጤፉ በእርጋታ ይፈስሳል። መነቅነቅ የለም። ከላይ በክንዱ ጠረግ። ይቺም «አንድ»። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ጨመቅ አደረገችና «ቁናዋ እኮ አንድ ናት፣ ልጄ» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዘዳግም 25፣ ከቁጥር 13 ጀምሮ፣ ይሄንኑ ነው የሚያወራው። በከረጢትህ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ይላል። በዕብራይስጡ ቃል በቃል «ድንጋይና ድንጋይ» ነው፤ ትልቅና ትንሽ። ያኔ መመዘኛው ድንጋይ ነበር። በትልቁ ይገዛል፣ በትንሹ ይሸጣል። ምሳሌ 11 ቁጥር 1 ደግሞ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። «አስጸያፊ» የተባለው ቃል ቶዔባ ነው። በዚያው በዘዳግም ልጆችን ለጣዖት በእሳት ማቃጠል ቶዔባ ተብሏል፤ ጥንቆላም ተብሏል። የጎደለች ቁና ከነዚህ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ነው የሰፈረችው። ዛሬ ዲጂታል ሚዛን ገብቷል። አውራ ጣት ግን ያው የድሮው ነው።

አሞጽ ይሄን ከበዓል ጋር አያይዞታል። አሞጽ የቴቁሔ እረኛ ነበር፤ ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜኑ መንግሥት ሄዶ ተናገረ። ዘመኑ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ነጋዴዎቹን እንዲህ ይሥላቸዋል፦ ሰንበቱ መቼ ያልፋል እያሉ ቀን ይቆጥራሉ። ሲያልፍ መስፈሪያውን ሊያሳንሱ፣ ዋጋውን ሊያበዙ፣ የስንዴውን ግርድ ሊሸጡ። በዓሉን አልሻሩም እኮ! አክብረዋል። ሱቁ ተዘግቷል። ምዕራፍ 5 ላይ ታዲያ እግዚአብሔር ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ ይላቸዋል። ዝማሬያችሁን ከእኔ አርቁ፣ ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ። በእኛ አገር በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም። የበዓል ስም ከነቀኑ በቃላችን ነው። ስለዚህ ይሄ ምዕራፍ ሲነበብ እኛ ቤት ትንሽ ጸጥታ ቢሆን አይገርመኝም።

ሚልክያስ 2፣ ቁጥር 16። «መፋታትን እጠላለሁ»። ይቺን ሽማግሌ ሁሉ ያውቃታል። ባሏ ደብድቧት ወደ አባቷ ቤት የሸሸች ሴት ፊትም ስትጠቀስ ሰምቻለሁ። ግን ከሁለት ቁጥር በፊት ያለውን አንብቡት። ንግግሩ ለወንዶች ነው። የልጅነት ሚስታቸውን የከዱ ወንዶች ለምን መሥዋዕታችን አልተቀበለም ብለው ሲያለቅሱ የተሰጣቸው መልስ ነው። እዚያው ቁጥር 16 ላይ ልብሱን በግፍ ስለሚከድን ሰው ይናገራል። ተበዳይዋን ለመጠበቅ የተነገረ ቃል ተበዳይዋን ለመመለሻ ሲውል ያናድደኛል። ያልፋል እንጂ።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ። በጠመኔ «ሰውንስ ይጠላል?» ተብሎ ይጻፋል።]

ከባዱ ጥያቄ። እግዚአብሔር ሰውን ይጠላል? መዝሙር 11 ግፍን የሚወድድን ነፍሱ ትጠላዋለች ይላል። ሚልክያስ 1 ላይ «ኤሳውን ጠላሁ» አለ። እነዚህን ወረቀት ሸፍነንባቸው አናልፍም። ግን «ጠላ» በዕብራይስጥ ሁልጊዜ እኛ የምናውቀው ጥርስ ማፋጨት አይደለም። ዘፍጥረት 29ን ተመልከቱ። ያዕቆብ ራሔልን ከልያ አብልጦ ወደደ ይላል። በሚቀጥለው ቁጥር ልያ «የተጠላች» ተባለች። ያነሰ መወደድ፣ አለመመረጥ ማለት ነው። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ አባትና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ያለውም እንዲህ ነው የሚፈታው፤ ማቴዎስ 10 ላይ ያው ቃል «ከእኔ ይልቅ የሚወድ» ሆኖ ተቀምጧል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ስትቆጥር መጽሐፈ ጥበብንም ትጨምራለች። ምዕራፍ 11 ላይ ያለው ለእኔ ማሰሪያው ነው፦ ያለውን ሁሉ ትወዳለህ፤ ከፈጠርኸው አንዱንም አልተጸየፍህም፤ ጠልተኸው ቢሆን ባልፈጠርኸውም ነበር። ሲራክም ምዕራፍ 25 ላይ የራሱን ዝርዝር ያወጣል። ትዕቢተኛ ድኻ፣ ውሸታም ሀብታም፣ አመንዝራ ሽማግሌ። ይቺን ጎጃም ውስጥ ያነበብኩለት ሁሉ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይስቃል።

[ምስል፦ ዋርካ ሥር። ባዶ መደብ። ነፋስ።]

ሰባተኛው ቀረ። አባቴና አጎቴ በአንድ ድንበር ተጣሉ። ሁለት ዓመት ፋሲካን ለየብቻ ፈሰክን። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጠላ ቀረበ። የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ ስምንት ዓመቴ ነው።

አንዱ አዛውንት አባቴን ጠየቁት። «ወንድምህ የድንበሩን ድንጋይ ሲገፋ አይተሃል?»

«አላየሁም፣ አባቴ። ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

አባቴ ዝም አለ። ወደ አጎቴ ዞሩ። «አንተስ፣ ወንድምህ ሊከስህ ወረዳ እንደሄደ በምን አወቅህ?»

«እኔም ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

አጎቴም ዝም አለ። ግን ሁለቱም ቀና አሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ አዩ። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ ለማስታረቅ አብሮ የተጠራ ሰው ተቀምጧል። ዋንጫውን አሁን ነበር የሞላሁለት። ሰውየው ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ከብቶቼ እህል ሳይገቡ አልቀሩም» ብሎ ነጠላውን ሰብስቦ ተነሳ።

የዚያን ቀን ከብቶቹን የሚጠብቀው ልጁ ነበር።