ለገነተ ልዑል ምን ብዬ ልጻፍ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ውጭ አገር ያለች አንዲት አድማጭ ጽፋልኛለች። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ማነጋገር ትፈልጋለች። «ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» ትላለች።

ጥያቄዋ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ላለ ቦታ ሲጽፍ «ስለ ታሪካችን መረጃ እፈልጋለሁ» ብሎ ይጀምራል። ይህን የሚያነበው ሰው የትኛውን ክፍል ይክፈትለት?

እስቲ ተቋሙ ያለበትን ቤት አስቡት። ገነተ ልዑል ይባላል፣ ድሮ ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው ከነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት ብዙዎቹ የተገደሉትም እዚሁ ነው። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ የጃንሆይን መኝታ ቤት ታያላችሁ። ሥዕል፣ መስቀል፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ምኑ ቅጡ!

እኔን ሁሌ የሚያቆመኝ ግን ደጅ ያለው ደረጃ ነው። ጣሊያኖች፣ ፋሺስቶች በገዛ አገራቸው ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩት ነው። ሽቅብ ይጠመዘዛል፣ የትም አያደርስም። ጠላት ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ትንሽዬ አንበሳ ናት። መምህራን፣ ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ በእግዚአብሔር ከዚያ ጀምሩ። ልጆቹ ራሳቸው እርከኑን ይቁጠሩ። ደግሞ የካቲትን ብቻ አትጠብቁ።

አስቀድማችሁ ስትደውሉ ስንት ልጆች እንደሆኑ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ፣ ምን እንዲያዩ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ለጉብኝት ይኸው ይበቃል።

ጥናት ሲሆን ነገሩ ይለያል። የምትፈልጉት መጽሐፍ ነው? ብራና ነው? ፎቶ ነው? የየትኛው ዘመን? ለይታችሁ ጻፉ። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ማህተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ያዙ። መልስ ከዘገየ ደውሉ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ በአካል ሄዶ ይጠይቅላችሁ። እኛ አገር ፊት ለፊት የተጠየቀ ጉዳይ ቶሎ ይፈታል።

አድማጫችን በገና ትማራለች። ለካ የልቧ ጉዳይ እሱ ኖሯል! የድሮ በገናዎች አሠራር ላይ መጻፍ ትፈልጋለች። እናም ደብዳቤዋን በስልክ አብረን አረምነው። «በስብስባችሁ ውስጥ ያሉትን በገናዎች ቀርቤ ማየትና መለካት ይፈቀድልኛል? ስለ አመጣጣቸው የተመዘገበ ነገርስ አለ?» ይላል። አራት መስመር ቢሆን ነው። ጽሑፏን ስትጨርስ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ እንደምትሰጥም እዚያው ላይ አስገብተናል። ትናንት ልካዋለች።