ዛላ ቆጥረን ምርት አንበል

(በኮምቦልቻ ለአርሶ አደሮችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ ዐለይኩም! ጤና ይስጥልን!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የልማት ሠራተኞች፣ ከደሴም ከቃሉም የመጣችሁ ባልደረቦቼ። የተጋበዝኩት ስለ ሩዝ ምርታማነት እንድናገር ነው። የዘር አመራረጥ፣ አረም፣ ገበያ የሚሉ ነጥቦች ደርሰውኛል። እነሱንም እነካካቸዋለሁ። እኔን እዚህ ያመጣኝ ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ የፍሬ መሙላት።

ሩዝ ሲነሳ የሁላችንም ዓይን ፎገራ ላይ ነው። ተገቢ ነው። የሩዝ ምርምር ማዕከሉም ያለው እዚያው ወረታ ነው። እኛም ግን የቦርከና ወንዝ አለን፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር መሬት አለን። ከፍታችንም ከእነሱ ብዙ አይለይም፤ ሁለታችንም 1,800 ሜትር አካባቢ ነን። እንግዲህ ሩዝ እዚህ አይሆንም የሚለኝ ካለ አልሰማውም።

ወደ ሐርቡ መውረጃ ያለችውን የአንድ አባታችንን ማሳ ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። መስከረም ላይ ያያት ሁሉ አፉን ይዞ ነበር የሚመለሰው። ሩዙ ቁመቱ ያማረ፣ ዛላው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ። ጎብኚ በመኪና መጣ። ፎቶ ተነሳ። አንዱ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ዛላ ቆጠረ፤ እዚያው እንደቆመም የምርቱን ግምት ጻፈ። ተጨበጨበ። አባታችንም በደስታ ሙክት ልረድ አሉ፤ በስንት ልመና ነው ያስተዋቸው።

ውቂያ ላይ ጉዱ ወጣ። ነፋስ ሲመጣ የክምሩ ግማሽ ከገለባው ጋር አብሮ ሄደ። አንድ እፍኝ አንስተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ወላሂ ልጄ፣ እስኪ ጨበጥ አድርገው። ይኸ ምኑ ነው እህል?» ጨበጥኩት። ተንኮሻኩሾ እጄ ውስጥ ደቀቀ። ቅርፊቱ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሪፖርቱስ ምን አለ? «የአርሶ አደሩ የአያያዝ ጉድለት።»

የለም! በፍጹም! ዩሪያው የደረሳቸው ሩዙ ማዘርዘር ከጀመረ በኋላ ነው። ሙሉውን ድርሻ በአንድ ጊዜ በትኑ ያላቸውም ባለሙያ ነው። ልክ ሲያብብ ደግሞ የቦዩ ተራ ወደ ሌላ ማሳ ዞረ። ማዳበሪያ አዘግይተን፣ ውሃ ነጥቀን፣ ጥፋቱን ዕድሜ ልካቸውን ባረሱ ሰው ላይ ጻፍን። ይህ ነውር ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩዝ ዛላ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ያብባል፤ ለመጨረስ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንዷ አበባ የምትከፈተው ግን ለአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ወይም ተክሉ ውሃ ከጠማው ፍሬው ሳይቋጠር ይቀራል። ብርድም ጠላቱ ነው። ዛላው ገና በቅጠሉ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ አበባው ይመክናል። የመስከረም ማብቂያን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዘግይቶ መዝራት ለእኛ አደጋ ነው።

ከተቋጠረ በኋላ ፍሬው ወተት ይይዛል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠነክራል። በሞቃት አገር 30 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ ብርድ ባለበት እስከ ሁለት ወር ይሄዳል። ፍሬውን ከሚሞላው ስታርች አብዛኛውን በእነዚሁ ቀናት የሚሠሩት ከላይ ያሉት ሦስት ቅጠሎች ናቸው። ቀሪው ቀድሞ ግንዱ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ዛላ ሲበዛ የሚበላው አፍ በዛ ማለት ነው፤ ቅጠሉ ካልቻለ ዘግይተው ያበቡት የታችኞቹ ፍሬዎች ባዷቸውን ይቀራሉ። በዚያ ሰዓት ሙሉ ድርሻ ዩሪያ ቢበተን ዛላ አይጨምርም። ተክሉ ይለሰልሳል፣ ይጋሸባል፣ ብላስት የሚባለው የሩዝ በሽታ ይገባበታል፣ መብሰሉም ይዘገያል።

እስኪ እናስላው። በአንድ ካሬ ሜትር 300 ዛላ፣ በዛላው 80 ፍሬ እንበል፤ ያ 24,000 ፍሬ ነው። ከመቶ 85ቱ ከሞላና 1,000 ፍሬ 25 ግራም ከመዘነ፣ በሄክታር 51 ኩንታል ይሆናል። ግማሹ ብቻ ከሞላ 30 ኩንታል። የዛላው ቁጥር ያው ነው። 21 ኩንታል የት ገባ? ከመንገድ ዳር ቆሞ የቆጠረ ሰው ይህን አያየውም!

ማወቁ ከባድ አይደለም። ከማሳው የተለያየ ቦታ ጥቂት የደረሱ ዛላዎች ቁረጡ፣ ፈልፍሏቸው፣ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ባዶው ይንሳፈፋል፣ የሞላው ይሰምጣል። ሁለቱንም ቁጠሩ። በቃ።

ስለ ዘር፦ ቶሎ የሚደርሰውን ምረጡ። ስለ አረም፦ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ በርቱ። ከአጨዳ በፊት ሁለት ሳምንት ሲቀር ውሃውን አጠንፍፉ፤ ከዚያ በፊት ግን አትቸኩሉ።

የሪፖርት ቅጹን የምታዘጋጁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። አንድ ዓምድ ጨምሩበት፤ «ባዶ ፍሬ፣ ከመቶ» የሚል። ማዳበሪያው የደረሰበት ቀንም ይጻፍ። የውሃ አባቶች ደግሞ፣ መስከረም ላይ ተራ ስትደለድሉ ያበበ ማሳ ይቅደም። ገበያውን ከእኔ በኋላ ለሚናገሩት ትቻለሁ።

አመሰግናለሁ።