ፍላሹን ስጠኝ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ኩረጃ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ደንቡን በተሰጣችሁ መመሪያ ታገኙታላችሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ይሉኝታ ነው።

አንድ ጊዜ የሁለት ተማሪዎችን አሳይመንት ሳርም፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በሁለቱም ወረቀት በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፋ አገኘኋት። ልጆቹን ጠራኋቸው። አንደኛው አልካደም። «መምህር፣ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ከቤቱ የተላከለትን በሶ አብረን ነው የምንበላው። ፍላሹን ስጠኝ ሲለኝ በምን አፌ እምቢ ልበለው?» አለኝ።

ያ ልጅ ክፉ አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው፣ ፋይል መከልከል እንጀራ እንደ መከልከል ነው። ኮራጅ ከመባል ይልቅ ንፉግ መባል ያስፈራዋል።

ይህ ደግነት የት እንደሚያደርስ ግን አይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውም ልጅ ፈተናው ተሰረዘበት። የ2014 ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በኩረጃ ማሳበብ ግፍ ነው፤ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ጦርነት ከትምህርት ገበታ ያፈናቀለው ልጅ ብዙ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ያመኛል።

«ባህላችን ነው የሚያስኮርጀን» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። እስቲ የቅኔ ቤቱን አስቡ። የቆሎ ተማሪ በአኩፋዳው ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ቅኔው ግን የራሱ መሆን አለበት፤ አዲስ መሆን አለበት። የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ የሚያፍረው በጉባኤው ፊት ነው። ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ መምህሩን በስም ይጠራል። እናንተ ምንጭ ጥቀሱ ስትባሉ እንግዳ ነገር ይመስላችኋል፤ እነሱ ግን ኢንተርኔት ሳይኖር ኖረውበታል። ቁራሹና ቅኔው እዚያ ተምታተው አያውቁም።

እንጀራ የሚሰጥ ሰው የተራበን ያጠግባል። የተሠራ አሳይመንት የሚሰጥ ግን ጓደኛውን እንደ ራበው ይተወዋል፤ ጥያቄው ያልገባው ልጅ አሁንም አልገባውም።

ቢሮዬ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ነው። ፍላሹን ስጠኝ ተብላችሁ መልስ ያጣችሁ ዕለት ኑ፤ ጓደኛችሁንም ይዛችሁት ኑ። ጥያቄውን ሦስታችን አብረን እንሠራዋለን።

አመሰግናለሁ።