ዕንባቆም፦ እንባና እቅፍ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ነቢይ ስም ላወራችሁ ነው። ዕንባቆም።

ልጅ ሆኜ አያቴ ገና ሳይነጋ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። መዝሙሩ ሁሉ ሲያልቅ የነቢያት ጸሎት ይከተላል። ጸሎተ ዕንባቆም እዚያ ውስጥ ነው። ያ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። በጥፍሬ ልፍቀው ስል "ተው ልጄ፣ ብራናው ይጎዳል" ይሉኛል። ግዕዙ አይገባኝም። ስሙን ግን በራሴ ፈትቼዋለሁ፦ "እንባ ቁም"። እንባ የሚያስቆም ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። የሆነ ነገር ሲያመኝ በሆዴ እጠራዋለሁ።

ካደግኩ በኋላ ነው ፍቺው ሌላ መሆኑን ያወቅኩት። ዕብራይስጡ ሐባቁቅ ይለዋል። ሐ፣ በ፣ ቀ፤ ማቀፍ ማለት ነው። የኛም ግዕዝ ለማቀፍ ሐቀፈ ይላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ደስ ይለኛል። የነቢዩን መጽሐፍ ወደ ግሪክ የመለሱት ግን አምባኩም አሉት። ሐ እዚያ ጠፋች፣ መጨረሻውም በም ተዘጋ። የኛ ዕንባቆም የመጣው በዚያ በኩል ነው። ለዚህ ነው እቅፉ የማይታየን።

ስሙን ከአካድ፣ ከጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ፣ ከአንድ የአትክልት ስም ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንትም አሉ። ይሁን። እኔን የያዘኝ እቅፉ ነው።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ኤልሳዕ ለሱነማዊቷ ሴት በመጪው ዓመት ወንድ ልጅ እንደምትታቀፍ ይነግራታል። ዕብራይስጡ እዚያም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ በአይሁድ ትውፊት ዕንባቆም የዚያች ሴት ልጅ ነው የሚሉ አሉ። ልጁ ሞተ፤ ኤልሳዕ ላዩ ላይ ተኝቶ፣ አፉን በአፉ አድርጎ አስነሣው። አንዴ እናቱ አቀፈችው፣ አንዴ ነቢዩ። ስሙ ድርብ የሆነው ለዚህ ነው ይላሉ።

መጽሐፉ 3 ምዕራፍ ብቻ ነው። ሲጀምር ጩኸት ነው፤ እስከ መቼ እጮኻለሁ፣ አትሰማኝም? ሲጨርስ ደግሞ በለሷ ባታፈራ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን፣ እኔ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። በመሃል ምንም አልቀለለለትም። ከለዳውያን፣ የባቢሎን ሠራዊት፣ እየመጡ ነው። ብቻ የያዘውን አልለቀቀም።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ነገር አንብቤ ክው አልኩ። የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ይህን ስም ሲፈታ፣ ነቢዩ ሕዝቡን እንደሚያለቅስ ልጅ አቅፎ ያባብላል ብሏል። የሚያለቅስ ልጅ! አማርኛ የማያውቅ ሰው፣ በእቅፉ በኩል ሄዶ እኔ እንባ ካልኩት ጋር ደረሰ።

ያን ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ። እያለቀስኩ ስመጣ ዳዊቱን አያስቀምጡም። በአንድ እጃቸው ይይዙታል፣ በሌላው ጋቢያቸውን ገልጠው ወደ ውስጥ ያስገቡኛል። ጸሎቱን አያቋርጡም። ጆሮዬ ደረታቸው ላይ ሆኖ ድምፃቸው ከውስጥ ሲያጉረመርም እሰማለሁ።