14ኛው ቅጽ ሲከደን

እርሷ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ከጅማ ነው የምናነጋግራችሁ። ጋሼ ከትናንት በስቲያ ሌሊት «የዘመን መንኮራኩር» የተሰኘውን ረጅም የምናብ ልቦለድ አንብበው ጨርሰዋል። ጋሼ፣ የመጨረሻውን ቅጽ ሲከድኑት ምን ተሰማዎት?

እርሳቸው፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማሁ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ደስ ብሎኛል፤ የበረታብኝ ግን ዘመድ ሸኝቶ ባዶ ቤት እንደ መግባት ያለ ስሜት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያው ቅጽ በ1990፣ የመጨረሻው በ2013 ታተመ፤ እኔ ዘንድ ደግሞ መጻሕፍቱ የሚደርሱት ከሰው ወደ ሰው እየዞሩ ስለሆነ፣ ስድስተኛውን ብቻ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

እርሷ፦ ደራሲው ግን ፍጻሜውን ሳያይ ነው የሞተው።

እርሳቸው፦ ልቤን የነካው እርሱ ነው። ሮበርት ጆርዳን 11 ቅጾች አሳትሞ በ2007 ዐረፈ። ታሞ ሳለ የቀረውን ታሪክ ለቤተሰቡ እየተረከ በድምፅ አስቀረጸ፤ ብዙ ማስታወሻም ትቶ ሄደ። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጻሕፍቱ አርታዒም ነበረችና፣ ብራንደን ሳንደርሰንን መርጣ ሥራውን በአደራ ሰጠችው። ጆርዳን በአንድ ቅጽ ልጨርሰው ያለው ታሪክ በሳንደርሰን እጅ ሦስት ቅጽ ሆነ። እኛ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንላለን፤ ይህ ሰው ግን የሞተ ሰው አደራ ተቀብሎ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ እያየው፣ ከዳር አድርሶታል።

እርሷ፦ እኔ ግን 12ኛው ቅጽ ላይ ከዋና ባለታሪኮቹ አንዱ የሆነው ማት ሌላ ሰው ሆነብኝ። ቀድሞ ሳያስበው የሚያስቀኝ ልጅ፣ እዚያ ላይ ለማሳቅ የሚደክም መሰለኝና ቅር አለኝ።

እርሳቸው፦ ልክ ነሽ፤ ሳንደርሰንም ማትን እንደሚገባው እንዳልያዘው ራሱ ተናግሯል። እኔ ግን የሁለቱ ደራሲዎች መጋጠሚያ በመታየቱ አልተከፋሁም፤ ባይታይ ኖሮ የመጀመሪያውን እጅ እረሳው ነበር። ደግሞም የመጨረሻውን ትዕይንት ጆርዳን አስቀድሞ ጽፎት ነበር። ያን ሳነብ፣ ሦስት ቅጽ ሙሉ የተለየኝ ድምፅ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፤ አለቀስሁ።

እርሷ፦ ነፋሱስ?

እርሳቸው፦ አዎ፣ ነፋሱ! የየቅጹ የመጀመሪያ ምዕራፍ በሚነሣ ነፋስ ይከፈታል፤ ነፋሱ የነገሩ ሁሉ መነሻ ሳይሆን አንድ መነሻ ብቻ እንደሆነም ይነገረናል። በ14ኛው ማብቂያ ላይ ያው ነፋስ ይመለሳል፤ አሁን ግን ስለ ፍጻሜ ነው የሚነገርለት። የመጀመሪያውን ገጽ ከእርሱ ጋር አስተያይቼ ላነብ ስነሣ መጽሐፉ እጄ ላይ አልነበረም። አንደኛው ቅጽ አንቺ ዘንድ ነው አይደል?

እርሷ፦ እኔ ዘንድ ነው፣ ጋሼ። ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ።