ቀይ እስክሪብቶው የት ገባ?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ለንባብ ቀናችን ስለ ፊደል አጠቃቀም እንድናገር ተጠይቄአለሁ። የመጣሁት ግን የሚያንገበግበኝን አንድ ነገር ይዤ ነው።

አምና አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጽሑፍ አስገባችልኝ። ሐሳቧ ግሩም ነው፤ ደክማበታለች። ርእሱ ግን «ድኅነትን ለማጥፋት» ይላል። በብዙኃኑ ኀ! እሷ ልትል የፈለገችው ድሃ መሆንን ነው፤ እሱ በሃሌታው ሀ ነው የሚጻፈው። ድኅነት መዳን ነው። ወደ ታች ስወርድ «ነው» ሁሉ «ነዉ» ሆኗል። «ጓደኛ» «ጉዋደኛ» ሆኗል። ቢሮ ጠራኋት። ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና አንድ በአንድ አሳየኋት። ዝም ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ ዐይኗ እንባ ሞላ። «ቲቸር፣ እስከ ዛሬ እኮ ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለችኝ።

ማንም! ስንት ዓመት ተምራ!

እስቲ እናስበው። የቃል ጽሕፈት የጻፈችው ታች ክፍል ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ፈተናው ማክበብ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉም ምርጫ ነው። አንድ ገጽ ድርሰት ታርሞ ሳይመለስለት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሞልቷል።

ትግርኛ ተናጋሪ ተማሪዬ ሀን ከሐ፣ አን ከዐ በጆሮው ይለያል። አማርኛ ተናጋሪው አይሰማውም፤ ለእሱ ሀና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው፤ አና ዐም እንዲሁ። ስለዚህ የሀገርን ሀ ከሐሳብ ሐ መለየትን በዐይኑ ነው መልመድ ያለበት። በዐይን የሚለመደው ደግሞ በማንበብ፣ በመጻፍና ሲሳሳቱ በመታረም ነው። በቁቤ ተምሮ የመጣው ልጅማ የበለጠ እገዛ ይፈልጋል።

«ስልክ ነው ያበላሻቸው» እንላለን። በላቲን ፊደል «selam new» እየጻፉ መዋላቸው ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን ያቺን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ውጤት የሰጣት ስልክ ነው? እኛ ነን! «ሐሳቡ ከገባኝ ይበቃል» እያልን ወረቀቱን ሳናርም ያሳለፍን እኛ ነን! ይህን ቸርነት አታድርጉት። ስንፍና ነው!

ክፍሉ እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነው የማስተምረው። ሁሉንም ማረም ባይቻል በሴሚስተር አንድ ወረቀት ይታረም።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ አብረውኝ የሚያርሙ መምህራን እፈልጋለሁ። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀይ እስክሪብቶም አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ስማችሁን ጻፉልኝ።

አመሰግናለሁ።