የተበተነ ብርሃን እንዴት መልሶ ይሰበሰባል?

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ አመሻሽ ላይ። የስልክ መብራት ላይ የተደፋ ጣት።)

ሰላም ጓደኞች! የስልካችሁን መብራት አብሩና አንድ ጣታችሁን ድፉበት። ጣታችሁ በሙሉ ቀልቶ በራ አይደል? አሁን አጥንቱን ፈልጉት። የለም። ብርሃኑ ጣታችሁን አቋርጦ ወጥቷል፣ ግን ውስጥ ያለውን አያሳይም፤ ምክንያቱም ስጋ ውስጥ ሲገባ ከዚህም ከዚያም እየተጋጨ አቅጣጫው ይበተናል። ወተት ነጭ የሚሆነው፣ ክረምት ላይ እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ከፒያሳ የማይታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለማይክሮስኮፕ ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው። ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ብርሃኑ አንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት። በ1990 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ባለሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ (ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንዴ የሚጠቀም) እንኳ ሕያው አንጎል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ዘልቆ አያይም።

ግን ብርሃኑ ተበተነ እንጂ አልጠፋም። እኔ ይሄን ነጥብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

(ምስል፦ ነጭ ግድግዳ ላይ ያረፈ ቀይ ሌዘር፣ በቅርበት።)

ሌዘር ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩ፤ ዓይን ላይ ግን በፍጹም! ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቀዩ ክብ ወጥ አይደለም። የሚያብለጨልጩና የጠቆሩ ደቃቅ ነጠብጣቦች ሞልተውታል፣ ጭንቅላታችሁን ስታንቀሳቅሱም ይንቀሳቀሳሉ። የተበተኑት የብርሃን ሞገዶች እኩል እየተነሱና እየወረዱ ሲገናኙ ቦታው ይደምቃል፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ከወረደ ደግሞ ይጠፋፉና ይጨልማል። ዝብርቅርቅ ይምሰል እንጂ ሕግ አለው።

እስቲ ጓደኞቻችሁን ልክ 12 ሰዓት ላይ እዚህ አራት ኪሎ ልታገናኙ ነው እንበል፤ አንዱ ከሜክሲኮ፣ አንዷ ከመርካቶ፣ ሌላው ከመገናኛ። መንገዱን ማስተካከል አትችሉም፣ የመነሻ ሰዓታቸውን ግን ትችላላችሁ። መንገዱ የሚጨናነቅበት ቀደም ብሎ ይነሳል፣ የሚቀናው ቆየት ይላል፣ ከዚያ ሁሉም እኩል ከች ይላሉ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ፣ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቮ ቬሌኮፕ እና አላርድ ሞስክ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ነጭ ቀለም ከሚሠራበት ዱቄት፣ ወደ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) የሚወፍር ንጣፍ አዘጋጁ። ከፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ያሉት ስክሪን አስቀመጡ፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚያርፍበትን ብርሃን በጣም በትንሹ፣ ከአንድ ሞገድ ባልበለጠ፣ ያዘገያል። ኮምፒውተሩ አንዱን ክፍል ይቀያይራል፣ ከቀለሙ ወዲያ የተመረጠችው ነጥብ ይበልጥ የደመቀችበትን ይይዛል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሲጨርስ ነጥቧ በዙሪያዋ ከተበተነው ብርሃን 1000 ጊዜ ያህል ደምቃ ታየች። በነጭ ቀለም ውስጥ አልፎ!

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. እዚያው ትዌንቴ፣ ጋሊየም ፎስፋይድ ከሚባል ቁስ ገጹን ሆን ብለው አሻክረው ብርሃን የሚበትን ሌንስ ሠሩ። በሚታይ ብርሃን 97 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ድረስ ለይተው የወርቅ ቅንጣቶችን አዩ፤ ጥሩ የሚባል የተለመደ ሌንስ ደግሞ 200 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ሸካራው ገጽ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚልከው፣ ተለስልሶ በተሠራ ሌንስ የማይደረስባቸው ሰፋፊ ማዕዘኖች ሁሉ ለሥራው ዋሉ። እንቅፋት ያልነው መበተን መሣሪያ ሆነ ማለት ነው፣ እኔም ይህን ዘርፍ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን አልደረሰም? ቀለም ባለበት ይቆማል፣ ሕያው አካል ግን አይቆምም። ደም ይፈሳል፣ ሴል ይንቀሳቀሳል፣ መንገዶቹ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ይቀያየራሉ፤ ሰዓቱን አስልታችሁ ሳትጨርሱ ትራፊኩ ሌላ ነው። ደግሞ አንጎል ውስጥ ካሜራ አይቀመጥም፣ ነጥቧ መድመቋን ማን ይንገረን? አንዱ መላ አልትራሳውንድ ነው። ድምፁ የተፈለገው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ በዚያ በኩል ያለፈ ብርሃን ድግግሞሹ (ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሳና እንደሚወርድ) ትንሽ ስለሚቀየር ሲወጣ ይለያል።

ለፍጥነቱ ደግሞ ብዙ የስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው ዓይነት ቺፕ አለ፤ ጥቃቅን መስታወቶቹ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ይገለባበጣሉ። እነዚህ ብርሃኑን አያዘገዩትም። ነጥቧን የሚያደበዝዘውን ዘወር ያደርጉታል፣ የሚያደምቀውን ብቻ ያሳልፋሉ።